ገዢ ባይኖር ሥርዓት ይኖራል? የክሮፖትኪን «መረዳዳት» ሲፈተሽ

«አናርኪዝም» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ መልሱ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን «ሥርዓት አልበኝነት» ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ገዢ የሌለው» እንደማለት ነው። ገዢ አለመኖርና ሥርዓት አለመኖር አንድ ነገር ናቸው ወይ? አናርኪስቶች የሚከራከሩት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የእኛ ትርጉም ግን ጥያቄው ገና ሳይነሳ መልሱን ሰጥቶ ጨርሷል።

በአገራችን ቃሉ ሌላም ጠባሳ አለበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ደርግ የኢሕአፓን አባላት «አናርኪስት» እያለ ያወግዝ ነበር። ኢሕአፓ የማርክሲስት ሌኒኒስት ድርጅት እንጂ የአናርኪስት ድርጅት አልነበረም። ቢሆንም በቀይ ሽብር ዘመን ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ስለዚህ ሐሳቡን ሳናውቀው ቃሉን በስድብነት ወርሰነዋል። እስቲ ዛሬ ስድቡን ወደ ጎን እናድርግና ሐሳቡን ራሱን እንፈትሸው።

የመረጥኩት መጽሐፍ የሩሲያዊው ፒተር ክሮፖትኪን «መረዳዳት» ነው፤ በ1902 ለንደን ላይ ታተመ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለምን እሱን? አናርኪስቶች ብዙ ጽፈዋል፤ ክሮፖትኪን ግን ክርክሩን የጀመረው ከሥነ ሕይወት ነው። በሳይንስ የተከራከረን ሰው ደግሞ በሳይንስ መመዘን ተገቢ ነው።

ከሳይቤርያ የመጣ ጥያቄ

ክሮፖትኪን በ1842 ሞስኮ ውስጥ ከመሳፍንት ቤተሰብ ተወለደ። በሃያ ዓመቱ የጦር መኮንን ሆኖ ወደ ሳይቤርያ ሄደ፤ እዚያም ለአምስት ዓመታት ያህል በመልክዓ ምድር ጥናት ተጠመደ። የዳርዊን መጽሐፍ የወጣው በ1859 ስለነበር ወጣቱ መኮንን ሐሳቡን በአእምሮው ይዞ ነው የተጓዘው። አብሮት ከነበረው የእንስሳት ተመራማሪ ጋር ሆነው የአንድ ዝርያ እንስሳት እርስ በርሳቸው ለምግብ ሲናጠቁ እናያለን ብለው ጠበቁ።

ያዩት ሌላ ነበር። በዚያ ሰፊ ምድር ላይ እንስሳቱ ጥቂት ናቸው። የሚገድላቸው በአብዛኛው ጎረቤታቸው ሳይሆን በረዶው፣ ውርጩና ጎርፉ ነው። የተረፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ በመንጋ የሚኖሩት ናቸው። ከባድ በረዶ ሲመጣ ከሩቅና ከሰፊ አገር የተሰባሰቡ አጋዘኖች የአሙርን ወንዝ በጠባቡ ቦታ ለመሻገር በሺዎች ሆነው ሲጎርፉ አይቷል።

ከዓመታት በኋላ፣ በ1888፣ እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሃክስሊ የእንስሳትን ዓለም ከግላዲያተሮች ትርዒት ጋር የሚያመሳስል ጽሑፍ አወጣ። በእንግሊዝ ስደት ላይ የነበረው ክሮፖትኪን በዚያው መጽሔት ላይ ከ1890 እስከ 1896 በተከታታይ መልስ ሰጠ። መጽሐፉ የእነዚያ ጽሑፎች ስብስብ ነው።

መከራከሪያው በአጭሩ ይህ ነው። የሕልውና ትግል አለ፤ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከጎረቤት ጋር፣ ሌላው ከአየር ጠባዩና ከአካባቢው ጋር። በሁለተኛው ትግል የሚያሸንፉት የሚረዳዱት ናቸው። መጽሐፉ ከጉንዳንና ከወፍ ተነስቶ ወደ ገበሬ መንደሮች፣ ከዚያ ወደ መካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ከተሞች፣ በመጨረሻም ወደ ሠራተኛ ማኅበራት ይጓዛል። መደምደሚያው፦ መረዳዳት ከመንግሥት ይቀድማል፤ መንግሥት አልፈጠረውም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ አፍርሶታል።

ትክክል የሆነበት

በዋናው ነጥብ ክሮፖትኪን ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ትብብር በተፈጥሮ ውስጥ በሰፊው አለ። ሳይንሱም ከእሱ በኋላ ጉዳዩን በሚገባ ይዞታል። በ1964 ዊሊያም ሃሚልተን እንስሳት ለዘመዶቻቸው ለምን ዋጋ እንደሚከፍሉ በሒሳብ አሳየ፤ በ1971 ሮበርት ትሪቨርስ ዘመድ ያልሆኑም እንዴት ሊረዳዱ እንደሚችሉ አብራራ። «ተፈጥሮ ማለት መበላላት ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የክሮፖትኪን መጽሐፍ ዛሬም ጥሩ መልስ ነው።

ብሎኑ የላላበት

እኔ የተማርኩት ምሕንድስና ነው። አንድ ማሽን ይሠራል ሲሉኝ ቀጥዬ የምጠይቀው «ሲበላሽስ?» ብዬ ነው። ይህን ጥያቄ ይዤ ሳነበው መጽሐፉ ሦስት ቦታ ላይ ይላላል።

አንደኛው ስለ አጭበርባሪው ነው። ሁሉም የሚረዳዳበት ቡድን ውስጥ እየተረዳ የማይረዳ አንድ ሰው ቢገባስ? ክሮፖትኪን መረዳዳት ዝርያውን ይጠቅማል ይላል፤ ግን አጭበርባሪው ከሁሉም በላይ እየተጠቀመ እንዳይበዛ የሚያደርገው ምን እንደሆነ በቂ ማብራሪያ አይሰጥም። በ1981 ሮበርት አክሰልሮድ ከሃሚልተን ጋር ባሳተመው ጥናት መልሱን በኮምፒውተር ውድድር በኩል ፈልጎታል። ያሸነፈው ስልት ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ተባበር፣ ከዚያ ሌላው ያደረገልህን መልሰህ አድርግ። በአማርኛ «እንዳመጣጡ መመለስ» እንደምንለው ነው። ስልቱ የሚሠራው ግን ሰዎቹ እንደገና የሚገናኙ ከሆነና ማን ምን እንዳደረገ የሚታወቅ ከሆነ ነው። በአንድ መንደር ይህ አለ። የማይተዋወቁ ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማስ? መጽሐፉ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ሁለተኛው ስለ ባቡር ነው። ክሮፖትኪን በ1892 ባሳተመው ሌላ መጽሐፉ የአውሮፓን የባቡር መስመሮች በምሳሌነት ያነሳል። መቶዎቹ ኩባንያዎች ከላይ የሚያዝዛቸው አንድ የአውሮፓ የባቡር መንግሥት ሳይኖር በስምምነት ብቻ ተሳስረዋል ይላል። ምሳሌው ማራኪ ነው። ነገር ግን ባቡር ከመስመር ወደ መስመር እንዲሻገር የሐዲዶቹ ስፋት እኩል መሆን አለበት። በእንግሊዝ አንዳንዶቹ ኩባንያዎች 1435 ሚሊ ሜትር፣ አንዱ ትልቅ ኩባንያ ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ስፋት ይጠቀሙ ነበር፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ጣቢያ ጭነቱ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ በሰው ጉልበት ይገለበጥ ነበር። በ1846 ለአዳዲስ መስመሮች ልኩን የወሰነው በስምምነት የተደረሰ ውል አልነበረም፤ የፓርላማ ሕግ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ጉንዳኖች በአንድ ጎጆ ውስጥ ድንቅ ተባባሪዎች ናቸው፤ የሌላ ጎጆ ጉንዳን ሲመጣ ደግሞ ተባብረው ይገድሉታል። መረዳዳት ብዙ ጊዜ አጥር አለው። ክሮፖትኪን የሚያደንቃቸው የመካከለኛው ዘመን ከተሞችም አጥር ነበራቸው። እሱ ራሱ የከተሞቹ ነባር ቤተሰቦች አዲስ መጤዎችን እንደገፉ፣ በዙሪያቸው ያለውን ገበሬም እንደዘነጉ ይጽፋል፤ ይህንንም ለመውደቃቸው አንዱ ምክንያት ያደርገዋል። ሐቀኛ ነው። ግን እንደ ታሪክ ስሕተት አየው እንጂ የመረዳዳት የራሱ ባሕርይ ሊሆን ይችላል ብሎ አልጠረጠረም።

ጌታ የሌለው መቆጣጠሪያ

ታዲያ ሐሳቡ ወደቀ ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ አንድ የድሮ መሣሪያ ያግዘናል። ጄምስ ዋት በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ገጠመ። ሁለት የብረት ኳሶች ከሞተሩ ጋር ይሽከረከራሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ሲከፈቱ የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠቡታል፤ ሞተሩ ይበርዳል። ሲዘገይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። አጠገቡ ቆሞ የሚያዝዝ ሰው የለም፤ ቁጥጥሩ ግን አለ። ኳሶቹን ብታወጧቸው «ነፃ» ሞተር አታገኙም፤ የሚሰባበር ሞተር ነው የምታገኙት።

ለእኔ የአናርኪዝም ጠንካራው ጎን ይህ ነው፦ ገዢ ሳይኖር ቁጥጥር ሊኖር ይችላል። ክሮፖትኪን ያሳነሰው ደግሞ ኳሶቹን ነው። የሰው ልብ ደግነት ብቻውን አይበቃም፤ ጥፋትን ቶሎ የሚያሳይና የሚያርም አሠራር ያስፈልጋል።

ይህን የጎደለ ክፍል የሞላችው አናርኪስት ሳትሆን አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ግጦሽን፣ ደንንና ውኃን በጋራ የሚያስተዳድሩ ማኅበረሰቦችን አጠናች፤ በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከምሳሌዎቿ አንዱ ቶርበል የተባለ የስዊዘርላንድ መንደር ነው። እዚያ ከ1517 ጀምሮ የነበረ ደንብ ማንም ሰው ክረምቱን መመገብ ከሚችለው ላም በላይ ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያሰማራ ይከለክላል። ብልህነቱን ልብ በሉ፦ የአንዱን ጎረቤት በረት ሌላው ጎረቤት ያያል። ጠባቂና ተጠባቂ አንድ ናቸው። ኦስትሮም በጸኑት ማኅበረሰቦች ውስጥ ካገኘቻቸው መርሆች መካከል ግልጽ ወሰን፣ የእርስ በርስ ክትትልና ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ ቅጣት ይገኛሉ።

የጓሳ ሣር የሚነግረን

የእኛም አገር ከባድ ፈተና የሚሆን ምሳሌ አላት። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ያለውን የጓሳ አካባቢ ኅብረተሰቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ሲጠብቀው እንደኖረ ይነገራል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር እንዲያገግም አካባቢው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ጥበቃው በተጠቃሚዎቹ ተራ ነው፤ አለቆቹን የሚመርጡትም ራሳቸው ናቸው። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞውን ይዞታ ሲሽር ጥበቃውም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ክሮፖትኪን ቢያየው «አላልኳችሁም? መንግሥት ያፈርሳል» ይል ነበር።

ግን ቸኩለን አናጨብጭብ። በቀድሞው ሥርዓት መብቱ የዘር ሐረጋቸውን ከቀደምት ባለርስቶች ለሚቆጥሩ ነበር። አጥሩ ውጭ ለቆመው ሰው አዋጁ ጥፋት ሳይሆን በር ከፋች ነው። ሣሩን ያዳነው ደንብና ያንን ሰው ያገደው ደንብ አንድ ደንብ ናቸው። ቆይቶ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አቋቁሟል፤ ዛሬ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ በኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ ነው።

ስለዚህ «ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ብሎ መከራከር ብዙም አያራምደንም። ስለ ጥሩ ማኅበረሰብ ስናስብ ሁለት ጥያቄ አብረን ብንይዝ ይሻላል፦ ጥፋትን የሚያርመው ማን ነው? ውጭ የቀረውስ ማን ነው? ክሮፖትኪን የመጀመሪያውን በግማሽ መልሷል፣ ሁለተኛውን ነክቶ አልፏል። ገዢ ያለባቸው ማኅበረሰቦችም ቢሆኑ ከሁለቱ ጥያቄዎች አያመልጡም።

መጽሐፉን አንብቡት፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም ያከራክራል። እስከዚያው ግን ቤት ውስጥ የዕድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ጠይቁና አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ እዩት። ከቀብር የቀረ ሰው ምን ይቀጣል? ዳኛውን የሚመርጠው፣ ሲያጠፋ የሚያወርደውስ ማን ነው? መግቢያውን መክፈል ያቃተው ጎረቤት የት ይሄዳል? የመጨረሻውን ጥያቄ ለዕድሩ ሰብሳቢ አንሱላቸውና የሚሰጧችሁን መልስ በደንብ አድምጡ።