ሦስት ጊዜ የተጠሩ ስሞች

ሁለት ጎልማሶች ፒያኖ ሊያነሱ ጎንበስ ይላሉ። ከተማው ፒትስበርግ፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1936 ነው። አንደኛው ቦይ ዊሊ ይባላል፤ በአሮጌ የጭነት መኪና ሐብሐብ ጭኖ ከሚሲሲፒ የመጣ ነው። ባጠራቀማት ገንዘብ ላይ የሐብሐቡንና የፒያኖውን ዋጋ ጨምሮ ቅድመ አያቶቹ በባርነት የደከሙበትን መሬት ሊገዛ ቆርጧል። ፒያኖው ግን እህቱ በርኒስ ዘንድ ነው፤ እሷም አይሸጥም ባይ ናት። ከተያዩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በርኒስ ለባሏ ሞት ምክንያቱ ወንድሜ ነው ብላ ቂም ይዛለች።

ኦገስት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1990 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘበት ተውኔት «ዘ ፒያኖ ሌሰን» ከዚህ ይነሳል። የውርስ ጠብ እኛም ቤት እንግዳ አይደለም፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ንብረት ተገምቶ፣ ለሁለት ተካፍሎ ይበርዳል። የዊልሰን ጥበብ የሚጀምረው ለሁለት የማይካፈል ዕቃ ከመምረጡ ነው።

የዕቃውን ታሪክ የሚነግረን አጎታቸው ዶከር ነው። ቤተሰቡ ስለሚያውቀው፣ ዶከር የሚተርከው ለሁለተኛው ጎልማሳ፣ ለቦይ ዊሊ ጓደኛ ለላይመን ነው፤ ተመልካቹም ከእንግዳው ጎን ተቀምጦ ይሰማል። ሱተር የሚባል የባሪያ ጌታ ለሚስቱ ለኦፊሊያ ፒያኖ ሊሰጣት ፈለገ። ገንዘብ ስላልነበረው የከፈለው ሰው ነው፤ አንድ ተኩል ሰው። አንዷ እናት ናት፣ ማማ በርኒስ፤ ግማሹ የ9 ዓመት ልጇ። ውሎ አድሮ ኦፊሊያ ሁለቱ ናፈቋት። ሱተርም የሴትዮዋን ባል፣ አናጺውን፣ መልካቸውን ፒያኖው ላይ እንዲቀርጽ አዘዘው። አናጺው መሮውን አንዴ ካነሳ ወዲያ በሁለቱ አላበቃም። እናቱን ማማ ኤስተርን፣ አባቱን ቦይ ቻርልስን፣ ሰርጉን፣ የልጁን መወለድ፣ የእናቱን ቀብር፣ ሚስቱና ልጁ የተወሰዱበትን ቀን ሳይቀር እንጨቱ ላይ አሰፈረ። የጌታው ስጦታ የባሪያው ቤተሰብ መዝገብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1911 የነበርኒስ አባት ፒያኖውን ከሱተሮች ቤት አስወጣ፤ በዚያው ሰበብ በባቡር ፉርጎ ውስጥ ተቃጥሎ ሞተ።

ይህን ከሰማን በኋላ ቦይ ዊሊ፣ እህቴ እንቢ ካለች በመጋዝ ለሁለት ቆርጬ ድርሻዬን እሸጣለሁ ማለቱ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ሰው በግማሽ የተቆጠረበትን ዕቃ የልጅ ልጅ በግማሽ ሊቆርጠው ነው። ዊልሰን ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዳች ሳያብራራ ያልፋል።

ያም ሆኖ ቦይ ዊሊን መኮነን አይቻልም። በርኒስ ፒያኖውን ትጠብቃለች እንጂ እናቷ ከሞተች ወዲህ ነክታው አታውቅም፤ ለ11 ዓመት ልጇም ታሪኩን አልነገረቻትም። ቦይ ዊሊ ግን ልጅቷ ታሪኩን ብታውቅ ቀና ብላ ትሄዳለች ብሎ ያምናል። የያዘችው አትናገርም፤ ሊሸጥ የመጣው ይነገር ይላል። የአባቱን ጀግንነት ሲያነሳ ደግሞ በርኒስ እናታቸውን ትደቅንበታለች፤ 17 ዓመት እጇ እስኪደማ እንባዋን እያፈሰሰች ያንን እንጨት የወለወለችውን ማማ ኦላን። ለአንዱ ፒያኖው የአባት ድል ነው፤ ለሌላዋ የእናት መከራ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ዊልሰን ለአንዱም አያዳላም።

በመጨረሻ የሟቹ ሱተር፣ የዚያ የባሪያ ጌታ የልጅ ልጅ፣ መንፈስ ቤቱን ያናውጠዋል። መንፈሱን ሊያስወጣ የሞከረው ሰባኪ ጸሎት አልሠራም፤ ቦይ ዊሊ ፎቅ ላይ ከመንፈሱ ጋር ግብግብ ገጥሟል። ያን ጊዜ በርኒስ ፒያኖው ፊት ተቀምጣ መምታት ትጀምራለች፤ እርዱኝ እያለችም ሙታኖቿን በየስማቸው ትጣራለች። ማማ በርኒስ፣ ማማ ኤስተር፣ ፓፓ ቦይ ቻርልስ። ስሞቹን እናውቃቸዋለን፤ አናጺው በመሮ ቀርጿቸዋል፣ ዶከር በአንደበቱ ጠርቷቸዋል፣ አሁን በዜማ መጡ። ከዚያ አንድ ስም ትጨምራለች፤ ማማ ኦላ። አናጺው ሲቀርጽ ኦላ ገና አልነበረችም፤ 17 ዓመት የወለወለችው እንጨት ላይ መልኳ የለም። ልጇ ዛሬ በድምፅዋ ቀረጸቻት።

ቤቱ ጸጥ ይላል። ቦይ ዊሊ ፒያኖውን ትቶ ወደ ሚሲሲፒ ሊመለስ ይነሳል። ጨክኖ የመጣበትን ነገር ሲተው ማንም አላስገደደውም፤ ፒያኖው ሲመታ ሰምቷልና።