ዕቅዱ ከአጋሰሱ ይጀመር

በአገር ቤት መሬት ተንቀጠቀጠ ወይም ተራራ ተናደ ሲባል፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ ደማምና ኮባር ያለ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ ስልክ ይደውላል። ወገኖቹ በሕይወት መኖራቸውን ከሰማ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ «ምን እንላክ?» የሚል ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ተራራ ተንዶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲቀብር፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ መጠኑ 5.7 የሆነ ርዕደ መሬት ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተነሥቶ አዲስ አበባን ሲነቀንቅ ጥያቄው ይኸው ነበር። ጥያቄው ከቅን ልብ የሚወጣ ነው፤ ለተራራ ሰው ግን ዘግይቶ መምጣት ያለበት ጥያቄ ነው። በዕርዳታ ማድረስ ሥራ ውስጥ አስቀድሞ የሚጠየቀው «መኪናው የት ላይ ይቆማል? ከዚያ በኋላስ በምን ይጫናል?» የሚለው ነው። የሚላከው ነገር፣ አስተሳሰሩ፣ የሚገዛበት ከተማ ሁሉ ከዚህ መልስ ተነሥቶ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ሊወሰን ይገባል። ዕቅዱ ከለጋሹ ከተማ ከጀመረ ጭነቱ የመኪናው መንገድ ያለቀበት ቦታ ላይ ይከመራል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አምስት አምስት ነፍስ ያላቸው 300 አባወራዎች በአንድ የተራራ ቀበሌ አሉ እንበል። በአገራችን በተለመደው ስፍር ለአንድ ሰው ለወር 15 ኪሎ እህል ቢታሰብ፣ ለ1,500 ሰው 225 ኩንታል ያስፈልጋል። ይህ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በአንድ ጉዞ ይዞት የሚመጣው ነው። መኪናው ከቆመበት በላይ ግን ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ጠንካራ የጭነት በቅሎ በደኅና መንገድ የምትሸከመው አንድ ኩንታል ያህል በመሆኑ፣ ያው አንድ መኪና 225 የበቅሎ ጭነት ሆነ ማለት ነው። ደርሶ መልሱ ሁለት ቀን ከሆነና 50 በቅሎ ከተገኘ አሥር ቀን ያለ ዕረፍት መጫን ያስፈልጋል፤ የበቅሎዎቹ ገፈራ፣ የጫኞቹ ስንቅ ገና አልተቆጠረም። አጫጫኑም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቀኝና ግራው እኩል መመዘን አለበት፤ ሚዛኑ ከተዛባ ኮርቻው ይዞርና ጀርባዋን ይልጠዋል፣ የተላጠች በቅሎ ደግሞ ለሳምንታት ከሥራ ውጭ ናት። ጠርዝ ያለው ካርቶን ጎኗን ይወጋታል። ወደ ጎን የሚሰፋ የብርድ ልብስ እስር ጠባብ መንገድ ላይ ግድግዳውን ሲነካ እንስሳዋን ወደ ገደሉ ይገፋታል። ሁለት ሜትር ቆርቆሮ ጠመዝማዛው ላይ ስለማይታጠፍ በሰው ትከሻ ይሄዳል። ስለዚህ 25 እና 50 ኪሎ ሆኖ በጆንያ የታሰረ ነገር ያልፋል፤ ለመጋዘን ተብሎ የታሸገ ትልቅ ጥቅል ግን መጫኛ በያዙ ሰዎች ፊት እንደገና ይፈታል። ያን ለማድረግ የሚያልፈው ቀን የተጎጂው ቀን ነው።

ጊዜ ደግሞ በተራራ ላይ በወቅት ይለካል። በ1953 ዓ.ም ግንቦት መገባደጃ በሰሜን ሸዋና በወሎ መካከል ባለው ቁልቁለት የደረሰው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፍርሶ፣ ካራቆሬን ክፉኛ ጎድቶ፣ ወደ አሥመራ የሚወስደውን ዋና መንገድ ሰነጣጥቆና በናዳ ዘግቶ ነበር። ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ ክረምቱ ይጀምራል፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ክረምቱን የሚያሳልፍበት ጣሪያ የሚያገኝበት ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት አይበልጥም። ኔፓል በ2007 ዓ.ም ሚያዝያ ስትመታ የዝናቡ ወራት ከፊቷ ነበር፤ መንገድ በናዳ ስለተዘጋ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለቱሪስት ሸክም ይሸከሙ የነበሩ የአገሬውን ተሸካሚዎችና በቅሎዎችን በብዛት ቀጥሮ ነው ወደ መንደሮቹ የዘለቀው። በ1998 ዓ.ም መስከረም መጨረሻ ከ70,000 በላይ ሰው ያለቀበት የካሽሚር ርዕደ መሬት ደግሞ ከክረምቱ በረዶ ጋር እሽቅድምድም ነበር። እዚያ በረዶ ሲከመርበት ከሚጎብጠው ድንኳን ይልቅ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና መዶሻ የተቀበለ ሰው ከፍርስራሹ እንጨት መርጦ በራሱ እጅ ጎጆ ቀለሰ። ቆርቆሮው ሲበጋ ለአዲሱ ቤት ጣሪያ ይሆናል። ለእኛም ደጋ ትምህርት የሚሆነው ይህ ይመስለኛል፤ ገበሬው ቤት መሥራት ያውቃል፣ የጎደለው ክዳኑ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ደማም እንመለስ። ከንጉሥ አብዱልአዚዝ ወደብ የተጫነ ዕቃ ሆርሙዝን አልፎ፣ ዓረቢያን ዞሮ ጅቡቲ እስኪገባ፣ ከዚያም የጉምሩክ ወረቀቱ አልቆ በየብስ ወደ መሀል አገር እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። ለቤተሰብ በካርጎ የሚላክ ብርድ ልብስና ልብስ ለቤተሰብ ደግ ነው፤ ለአደጋ ግን ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሲደርስም የበቅሎ ጀርባ ይሻማል። በካሽሚር ከየቦታው የተላከ ያገለገለ ልብስ በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ታይቷል። ከኮባር የሚነሣው ዕርዳታ ገንዘብ ቢሆን፣ ግዢውም አደጋው ከደረሰበት ቦታ ቅርብ በሆነው ጤነኛ ገበያ ቢፈጸም ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። እንደ ማጀቴ ያለች ከተማ ስትፈርስ ገበያዋም አብሯት ይፈርሳል፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ላይ ይገዛል። ነጋዴው ዕቃውን የአገሩ ጫኝ በሚያውቀው መጠን ያስራል፣ ጫኙም የተናደውን መንገድ በምን እንደሚዞር ያውቃል፣ የሚከፈለው ኪራይም አደጋ በደረሰበት አካባቢ ይቀራል።

«ገንዘብ ይበላል፣ ዕቃ ግን ይታያል» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ሰው በላቡ ያገኘውን ሰጥቶ የት እንደገባ ሳያውቅ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ዕቃም ይሸጣል፣ ይጎድላል፣ መጋዘን ውስጥ ይበሰብሳል። ጥበቃው ያለው በአሠራሩ ነው፦ ሦስት ፈራሚ፣ የግዢ ደረሰኝ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ደጅ ጮክ ብሎ የሚነበብ የተቀባዮች ስም ዝርዝር። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በሳዑዲ ዓረቢያ ለውጭ አገር የሚሆን ዕርዳታ እንዲያልፍ የተፈቀደው በ2007 ዓ.ም በተቋቋመው በንጉሥ ሰልማን የሰብዓዊ ዕርዳታ ማዕከል በኩል ነው፤ በየቤቱና በየስልክ ቡድኑ መዋጮ መሰብሰብ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ይዞ ሠርቶ የሚያድርን ሰው ለከባድ ችግር ይዳርጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለራሱ ቤተሰብ በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ይላክ፤ መዋጮው እዚያው አገር ቤት በዕድር ወይም በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በኩል ይሰብሰብ።

«ገንዘብ ሲጎርፍ ገበያው ይንራል» የሚሉም እውነት አላቸው፤ በአንድ ትንሽ ከተማ ላይ ሁሉም ቆርቆሮ ልግዛ ካለ ዋጋው የተጎጂውን ጎረቤት ጭምር ይጎዳል። መፍትሔው ግዢውን በሁለትና በሦስት ከተማ መከፋፈል፣ እዚያም ከሌለ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። ሄሊኮፕተርን መተማመኛ ለሚያደርጉት ደግሞ ልኩን ማወቅ ይበጃል። በብዙ አገር የሚሠራበት ሚ-8 ቢበዛ 4 ቶን ያነሣል፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ጭነቱ ይቀንሳል። በ1977ቱ ድርቅ የብሪታንያ ሄርኩለሶች በሰሜን ሸዋ ራቤል አካባቢ እህል ከአየር ሲጥሉ ጆንያው እንዳይፈነዳ ተደራርቦ ነበር የሚታሸገው፤ መጣያውን የሚያዘጋጁትም የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። ያ ሥራ ነፍስ አድኗል፤ የተቻለው ግን የብዙ መንግሥታት አውሮፕላን ስለተሰበሰበ ነው። ሄሊኮፕተር ሲገኝ ቁስለኛ ያውጣ፣ መድኃኒትና ሐኪም ያስገባ። የወር ቀለብ ግን በእግር ነው የሚወጣው።

የተቀባዮቹ ስም ከዕድር መዝገብ ሲወሰድም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከየትኛውም ቢሮ ይልቅ ማን የት እንደሚኖር የሚያውቅ መዝገብ እርሱ ነው፤ ሆኖም ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያቃተው እጅግ ድኻ በመዝገቡ ላይ የለም። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ ከመጨረሻው ዳገት በላይ ያለ እረኛ፣ በቅርቡ ሰፍሮ ገና አባል ያልሆነ ቤተሰብ ቤት ለቤት ተጠይቆ መጨመር አለበት።

ደማምና ኮባር ያላችሁ፣ ከደጋው የመጣችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ቤት ስትደውሉ ከሰላምታው በኋላ አራት ነገር ጠይቃችሁ በወረቀት ያዙ፦ መኪና የሚደርሰው እስከ የት ነው፣ የጭነት በቅሎ ያላቸው እነማን ናቸው፣ መንገዱ ቢናድ በየት ይዞራል፣ ቆርቆሮና ዱቄት የሚገኝበት ቀጣዩ ገበያ የቱ ነው። የወረቀቱን አንድ ቅጂ ለዕድሩ ሊቀ መንበር ስጡ።