ሰባት ሄሎት ለአንድ ስፓርታዊ፦ የጥንት ግሪክ ጦርነት ጥናት ማንን ያያል?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479 ስፓርታ ፋርሶችን ለመግጠም ወደ ፕላቴያ 5,000 ዜጎቿን አዘመተች። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ከእያንዳንዱ ዜጋ ጋር ሰባት ሄሎቶች ዘምተዋል፤ ድምሩ 35,000 ነው። ሄሎት ማለት ለስፓርታዊ ጌታው እያረሰ የሚገብር፣ መሬቱን ለቆ መሄድ የማይችል፣ ከባሪያ ብዙም ያልተለየ ሰው ነው። ቁጥሩ የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ። በግማሽ ብንቀንሰው እንኳ ለአንድ ዜጋ ከሦስት በላይ ሄሎት ይደርሳል። ይህ ዘገባ በእጃችን እያለ የጥንት ግሪክ ጦርነት ታሪክ ለረጅም ጊዜ የነፃ ዜጎች ታሪክ ብቻ ሆኖ ተጽፏል።

ለዚህ አመለካከት በዘመናችን ጉልበት የሰጠው አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ቪክተር ዴቪስ ሃንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጆን ኪገን በ1976 የጀመረውን መንገድ ተከትሎ፣ ውጊያን ከአዛዡ ካርታ አውርዶ ወደ ተራው ወታደር ዓይን አመጣው። የራስ ቁሩ እይታና መስማት የሚጋርደውን፣ በነሐሱ ውስጥ በሙቀት የሚቀቀለውን፣ ከኋላው በሚገፉት ሰዎች የሚጨነቀውን እግረኛ አሳየን። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ችግሩ ቀጥሎ ይመጣል። ሃንሰን ይህን ሆፕላይት የሚባል ከባድ ትጥቅ ያለው እግረኛ ነፃ ባለመሬት ገበሬ ያደርገዋል፤ ፊት ለፊት ገጥሞ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ውጊያውንም እስከ ዛሬ የዘለቀ የምዕራባውያን የጦርነት ልማድ መነሻ ይለዋል።

ሃንስ ቫን ዊስና ፒተር ክሬንትዝን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች በሰልፉ ጥብቀት፣ በግፊያውና በትጥቁ ክብደት ላይ ተከራክረውታል። ክርክሩ ጠቃሚ ነው። ለእኔ ግን የበለጠ የሚከብደው የተዋጊው ማንነት ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ የጻፈው ሃንሰንን አያግዘውም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ425፣ በአቴንስና በስፓርታ ጦርነት ወቅት፣ አቴናውያን በስፋክቴሪያ ደሴት የስፓርታን 420 ሆፕላይቶች ከበቡ። ምግብ ካሻገሩላቸው ዋነኞቹ ነፃነት ቃል የተገባላቸው ሄሎቶች ነበሩ፤ ጠላቂ ዋናተኞችም በማር የተለወሰ የፖፒ ዘርና የተወቀጠ ተልባ በአቁማዳ ቋጥረው፣ በገመድ እየጎተቱ በውኃ ውስጥ ይዋኙ ነበር። በመጨረሻ ስፓርታውያኑን ያንበረከኳቸው ከሩቅ የሚወረውሩና የሚነድፉ፣ ቀላል ትጥቅ ያላቸው ተዋጊዎች ናቸው። 292 ሰዎች በሕይወት ተማረኩ። ከተማረኩት ጋሻዎች አንዱ ዛሬ በአቴንስ የአጎራ ሙዚየም ይታያል፤ የነሐስ ገጹ ወደ አንድ ሜትር ይሰፋል፣ አቴናውያን ከስፓርታውያን ከደሴቲቱ አጠገብ ባለችው ፒሎስ እንደማረኩት በነጥብ ተቀርጾበታል። ደሴቲቱን ያሸነፉት ወርዋሪዎች ግን በጽሑፉ ውስጥ የሉም።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ከዚህ ይከፋል። ቱሲዲደስ እንደሚለው ስፓርታውያን አንድ ጊዜ በጦርነት ጀግንነት የሠራ ሄሎት ካለ ይቅረብ፣ ነፃ እናወጣዋለን ብለው አስነገሩ። 2,000 ያህል ተመረጡ፤ የአበባ ጉንጉን ደፍተው ቤተ መቅደሶቹን ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ ጠፉ፤ እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሞቱ ያወቀ የለም። አዋጁ ራሱ ማስረጃ ነው፦ ሄሎት የማይዋጋ ቢሆን ኖሮ ስፓርታ በጀግንነቱ አትጠራውም፣ አትፈራውምም። በ424 ደግሞ የስፓርታው አዛዥ ብራሲዳስ ወደ ትራቄ ሲዘምት 700 ሄሎቶችን የሆፕላይት ትጥቅ አስታጥቆ ወሰደ። ከባዱን ጋሻ የተሸከመው ሁሉ ነፃ ባለመሬት ነው የሚለው አባባል ከዚህ በኋላ እንዴት ይቆማል?

ሄሎቶቹ ምን እንዳሰቡ የሚነግረን አንድም የሄሎት ጽሑፍ አልደረሰንም። ስለዚህ ሃንሰን ለሆፕላይቱ የሠራውን ያህል ዝርዝር ሥዕል ለእነሱ መሥራት አይቻልም። ይህ ግን መኖራቸውን ለመዝለል ምክንያት አይሆንም። የሃንሰን መጽሐፍ በነሐሱ ውስጥ ስላለው ሰው ስቃይ አሁንም ሊነበብ ይገባዋል፤ ስለ ነፃ ገበሬዎች ጦር የሚለው ግን በማስረጃ የተደገፈ አይደለም። ሄሮዶቱስ የፕላቴያን ሙታን ሲዘረዝር ስፓርታውያን ሦስት መቃብር እንደቆፈሩ ጽፏል፤ ሦስተኛው የሄሎቶቹ ነው።