ሕፃን ከሰው አፍ ምን ይማራል? የሲያትሉ ጥናት ሲመረመር
በጤና ባለሙያዎች ሥልጠናም ሆነ ለወላጆች በሚዘጋጁ የምክር ጽሑፎች፣ ስለ ሕፃናት የቋንቋ ዕድገት በተነሣ ቁጥር ስሙ የሚጠራ አንድ ጥናት አለ። ይኸውም ፓትሪሺያ ኩል፣ ፌንግ ሚንግ ጻኦና ሁዌ ሜይ ሊዩ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ነው። ጥናቱ ከታተመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከአፍ ወደ አፍ በተላለፈ ቁጥርም ካረጋገጠው በላይ እየተባለለት መጥቷል። ምን እንዳለና ምን እንዳላለ ለይቶ ማየት፣ በየዕለቱ እናቶችን ለሚመክር የጤና ባለሙያ ትርፍ ሥራ አይደለም።

የጥናቱን ክብደት ለመመዘን ከኋላው ያለውን ማወቅ ያሻል። ፒተር አይማስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 የአንድና የአራት ወር ሕፃናት «ባ»ን ከ«ፓ» እንደሚለዩ አሳዩ። መለኪያቸው የአጠባብ ፍጥነት ነበር፤ ሕፃኑ የሰለቸው ድምፅ በሌላ ሲተካ እንደገና በርትቶ ይጠባል። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳስነበቡት ደግሞ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ወር የሆናቸው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጆች የሂንዲንና የአንድ የካናዳ ነባር ሕዝብ ቋንቋን ተነባቢዎች ይለያሉ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ ይህን ማድረግ ይሳናቸዋል፤ በእነዚያ ቋንቋዎች የሚያድጉት ሕፃናት ግን መለየታቸውን ይቀጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጊስሌን ዴሃን ላምበርትዝና ባልደረቦቿ በኤም.አር.አይ. በመታገዝ፣ በሦስት ወር ሕፃናት ላይም ንግግር ሲሰማ የግራው የአንጎል ክፍል በይበልጥ እንደሚነቃ አመለከቱ። እንግዲህ አንጎል ለንግግር ተዘጋጅቶ ይወለዳል፤ የሚቀረጸው ግን በሚሰማው ቋንቋ ነው።

ኩልና ባልደረቦቿ የጠየቁት ጥያቄ ከዚህ ይቀጥላል፤ ይህን የመለየት ችሎታ መቀነስ መግታት ይቻል ይሆን? ዘጠኝ ወር ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት በአራት ሳምንታት ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም 25 ደቂቃ ያህል፣ ማንዳሪን ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ተቀመጡ። ተናጋሪዎቹ መጽሐፍ እያነበቡና አሻንጉሊት እያሳዩ ያጫውቷቸው ነበር። ማነጻጸሪያው ቡድን ያንኑ ጨዋታ በእንግሊዝኛ አገኘ። በመጨረሻ ሲፈተኑ ማንዳሪን የሰሙት ሕፃናት በእንግሊዝኛ የሌለን አንድ የተነባቢ ልዩነት ለዩ፤ ውጤታቸውም በታይዋን ከሚያድጉ ሕፃናት ጋር የሚተካከል ነበር። እነዚያኑ ተናጋሪዎች በቴሌቪዥን የተመለከቱት ወይም ድምፃቸውን ብቻ የሰሙት ሕፃናት ግን አንዳች የመማር ምልክት አላሳዩም።

የጥናቱ ጥንካሬ ግልጽ ነው። ማነጻጸሪያ ቡድን አለው፤ የቃላቱ ምንጭ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፤ መልሱም በማያሻማ መንገድ ተለክቷል። ሕፃን ድምፅን እንደ ካሴት ዝም ብሎ የሚቀዳ ፍጡር አለመሆኑን በእንዲህ ያለ ጥራት ያሳየ ሥራ ከዚያ በፊት አልነበረም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ይሁንና ድክመቶቹም ሊታለፉ አይገባም። አንደኛ፣ የተፈተኑት ሕፃናት ጥቂቶች ናቸው፤ የተፈተነውም አንድ የድምፅ ልዩነት ብቻ ነው። ድምፅን መለየት ቋንቋን ማወቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሰውና ቴሌቪዥን የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ አይደለም። ሕፃናቱ ለሰዎቹ የሰጡት ትኩረት የበለጠ እንደነበር አጥኚዎቹ ራሳቸው መዝግበዋል። ታዲያ በቴሌቪዥኑ የጎደለው ትኩረቱ ነው፣ የዓይን ግጥጥሞሹ ነው ወይስ ሕፃኑ ሲያጉረመርም ተመልሶ የሚመጣው መልስ? ጥናቱ ይህን አይለይም። የኋላ ሥራዎች ግን ፍንጭ ይሰጣሉ። ሳራ ሮዝቤሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት፣ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ሕፃናት በስክሪን ቢሆንም በቀጥታ ከሚመልስላቸው ሰው አዳዲስ ግሦችን ሲማሩ፣ ከተቀረጸ ፊልም ግን አልተማሩም። ስለዚህ ነገሩ የመስተዋቱ ጉዳይ ሳይሆን የመመላለሱ ጉዳይ ይመስላል።

ሦስተኛው ነጥብ ለአማርኛና ለትግርኛ ተናጋሪዎች ይበልጥ ይቀርባል። የጥናቱ አድናቂዎች «መስኮቱ በዓመቱ ይዘጋል» ማለት ይወዳሉ። ካትሪን ቤስትና ጄራልድ ማክሮበርትስ በዚያው በ2003 ያወጡት ጥናት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን ያስረዳል። በመጀመሪያው ሙከራ እንግሊዝኛ የሚሰሙ ሕፃናት የዙሉ ቋንቋ ድምፆችን ሰሙ፤ ከእነዚህም አንዱ ልዩነት የእኛን «ከ»ና «ቀ» የሚመስል ነበር። ትንንሾቹ ሕፃናት ለዩ፤ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር የሆናቸው ግን ደከሙ። በሁለተኛው ሙከራ የቀረበላቸው የትግርኛ ልዩነት ነበር፤ አንዱ ድምፅ በከንፈር፣ ሌላው በምላስ ጫፍ የሚፈጠር፤ ማለትም እንደ «ጰ»ና «ጠ» ያለ። ይህንን ታላላቆቹም ታናናሾቹም በሚገባ ለዩት፤ ትግርኛ ሰምተው ባያውቁም። ስለዚህ የሚዘጋው መስኮት ሁሉም አይደለም፤ አንዳንዱ ሲጠብ ሌላው ክፍት ይቆያል። «ዓመት ካለፈ አለቀ» የሚል ምክር ለወላጅ መስጠት ሳይንሱ ያላለውን ማለት ነው።

ከዚሁ የተሳሳተ ንባብ ሌላ ምክርም ይወለዳል፤ «ልጁ እንዳይደናገር በአንድ ቋንቋ ብቻ አናግሩት» የሚል። አባት ኦሮምኛ፣ እናት አማርኛ በሚናገሩበት ቤት፣ ወይም አያት አማርኛ፣ መዋዕለ ሕፃናት እንግሊዝኛ በሚሉበት የስደት ኑሮ፣ ይህ ምክር ልጁን ከአንደኛው ወገኑ አንደበት ይነጥለዋል። ትሬሲ በርንስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት ግን፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ እየሰሙ የሚያድጉ ሕፃናት ሁለቱም ቋንቋዎች የሚፈልጓቸውን ልዩነቶች ይዘው ይቀጥላሉ። የሲያትሉም ጥናት ቢሆን በትክክል ከተነበበ የሚደግፈው ይህንኑ ነው፤ በአጠቃላይ አምስት ሰዓት ያህል የፈጀ የሁለተኛ ቋንቋ ጨዋታ ጆሮን አሠለጠነ እንጂ አላደናገረም።

ከሁሉ በላይ ግን ጥናቱ ያልጠየቀው አንድ ነገር አለ። የተፈተኑት ሕፃናት ሁሉ ጤናማ ሰሚዎች ነበሩ። በአንጻሩ የጤና ባለሙያው ፊት የሚቀርበው ሕፃን የማጅራት ገትር ታሞ የዳነ፣ በተወለደ በሳምንቱ ከባድ የቢጫ በሽታ የያዘው ወይም ጄንታማይሲን ለረጅም ጊዜ የተወጋ ሊሆን ይችላል። ክርስቲን ዮሺናጋ ኢታኖና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 በኮሎራዶ 150 የመስማት ችግር ያለባቸውን ሕፃናት መርምረው እንዳሳተሙት፣ ችግራቸው ስድስት ወር ሳይሞላቸው የታወቀላቸው ልጆች የቋንቋ ችሎታ ዘግይቶ ከታወቀላቸው እጅግ የተሻለ ነበር። ጊዜው በእርግጥ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። የጆሮ ምርመራ ለአራስ ሁሉ በማይደረግበት አካባቢ የመጀመሪያው መመርመሪያ የእናት ጥርጣሬ ነው።

ይህን ጥርጣሬ ግን «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም፣ ታገሺ» በሚል ቃል ማባረር የተለመደ ነው። «ድምፅ ያወጣል እኮ» የሚለውም መጽናኛ አያስተማምንም፤ መስማት የተሳነው ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ያጉረመርማልና። የሚጎድለው በኋላ ነው፤ ሰሚው ልጅ ከአሥር ወር በፊት «ባባ»፣ «ዳዳ» እያለ ሲደጋግም፣ የማይሰማው ይዘገያል። ስለዚህ በስድስት ወሩ ወደ ድምፅ የማይዞር፣ በአሥር ወሩ እንዲህ የማይደጋግም፣ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይመልስ ሕፃን ወደ ጆሮ ምርመራ መላክ አለበት እንጂ በቀጠሮ ብቻ ሊሸኝ አይገባም።

በአጭሩ፣ የሲያትሉ ጥናት መልካም ሥራ ነው፤ የተጎዳው በአድናቂዎቹ ነው። ከእርሱ የሚወሰደው ትምህርት ለድሃም ለሀብታምም ቤት የሚስማማ ነው፤ ሕፃን የሚማረው ከሚመልስለት ሰው ነው፤ እናት እያጠባች፣ አያት እያዘለች፣ በሚያውቁት ቋንቋ የሚያወሩት ሁሉ ትምህርት ነው። ያ ትምህርት እንዲደርስ ግን ጆሮው መስማት አለበት። በክትባት ቀን እናቲቱን «ይሰማሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅና መልሷን በቁም ነገር መያዝ መሣሪያ አይጠይቅም።