ሹሩባ ከሦስት ማዕዘኖች

በሲምስ ጨዋታ ውስጥ ሰው ከመኖሩ በፊት ይመረጣል። ቤት ከመሥራቱ፣ ሥራ ከመያዙ፣ ከመውደዱና ከመጣላቱ በፊት ተጫዋቹ አፍንጫውን፣ ቁመናውን፣ አረማመዱን፣ ልብሱንና ፀጉሩን ከተደረደረ ዝርዝር እያነሣ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ቶሎ አልፎ ወደ ጨዋታው መግባት ይፈልጋል። እኔ ለዓመታት የከረምኩት እዚሁ ነው። ከመጫወቱ ይልቅ ዝርዝሩ ላይ ያልነበረውን እየሠሩ መጨመር ሙያዬ ሆኗል፤ ሹሩባ፣ ጎፈሬ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ የአንገት ንቅሳት። የፈለገ ሰው ፋይሉን ያወርድና ጨዋታው ያለበት ማኅደር ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ጨዋታውን ሲከፍት ሹሩባውን ከሌሎቹ ፀጉሮች ጋር ተሰልፎ ያገኘዋል።

ሰው በኢንተርኔት ላይ ራሱን ይገልጻል ይባላል። እውነት ነው፤ የሚገልጸው ግን ሌላ ሰው ቀድሞ ሠርቶ ባስቀመጠለት ዕቃ ነው። መቶ ዓይነት ፀጉር ቢደረደርለትና የራሱ ከመካከላቸው ባይኖር፣ ምርጫው የቱንም ያህል ቢበዛ ለእሱ ምርጫ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሰው ይህን ቶሎ መልመዱ ነው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አይታ ስታጣው አትጮኽም። ቀረብ ያለውን መርጣ ታልፋለች፤ ሲቆይም ያጣችው ነገር እንዳለ ትረሳለች። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ከክፋት የመጣ አይደለም። ዝርዝሩን ካዘጋጁት መካከል ያንን ፀጉር በእጁ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ይኸው ነው። ዕቃውን የሚሠራ ሰው፣ ሌላው ስለ ራሱ ምን ማለት እንደሚችል በከፊል ይወስናል። ሥራዬን የምወድደውም የምፈራውም ስለዚህ ነው።

የጨዋታው አጀማመር ራሱ ከመሥራት ጋር የተያያዘ ነው። ፈጣሪው ዊል ራይት እ.ኤ.አ. በ1991 የካሊፎርኒያን የኦክላንድ ኮረብቶች ባቃጠለው እሳት ቤቱን አጥቷል። ኑሮውን እንደገና ሲያደራጅ፣ ሰው የትኛው ዕቃ ለምን እንደሚያስፈልገው ማሰቡ ለጨዋታው አንዱ መነሻ ሆነ። መጀመሪያ በሐሳቡ የነበረው ቤት መሥራት ነው፤ ትንንሾቹ ሰዎች፣ ሲሞቹ፣ የገቡት ቤቱ የሚመች መሆኑን ኖረውበት እንዲፈትሹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ጨዋታው ሲወጣ ግን የሕዝቡን ልብ የያዙት ሰዎቹ ሆኑ። ተጫዋቾች የራሳቸውን ልብስና ፊት እየሠሩ መለዋወጥ የጀመሩት ያኔውኑ ነው፤ ዛሬ እኔ የምሠራውም የዚያ ልማድ ተከታይ ነው።

አራተኛው ሲምስ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ለጠየም ያለና ለጥቁር ቆዳ የቀረቡት ቀለሞች ጥቂት ነበሩ፤ አንዳንዶቹም አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። የጨዋታው አሳታሚ ኩባንያ ከመቶ በላይ አዳዲስ የቆዳ ቀለሞችንና ቀለሙን ማድመቂያና ማፍዘዣ ያመጣው በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ነው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ክፍተቱን የሞሉት ተጫዋቾች ናቸው። አሚራ ቨርጂል ሜላኒን ፓክ ብላ ያወጣችው የቆዳ ቀለምና የመዋቢያ ስብስብ ከሁሉም በላይ በር ከፍቷል። እኔም ወደዚህ ሥራ የገባሁት የእሷን ሥራ አውርጄ፣ ቆዳው እንደዚህ ከተቻለ ፀጉሩስ ምን ያግደዋል ብዬ ነው።

ፀጉሩን የሚያግደው ብዙ ነገር ነበር። በጨዋታ ውስጥ ያለ ማንኛውም አካል ከትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሰፋ ቅርጽ ነው። ዘንፋላ ፀጉር ለመሥራት የታወቀ ዘዴ አለ፤ ቀጫጭን ጠፍጣፋ ቁራጮች ይደረደሩና የፀጉር ሥዕል ይለጠፍባቸዋል፤ በክሮቹ መካከል ያለው ቦታ እንዳይታይ ይደረጋል። ዓይን ይታለላል። ጉንጉን ግን ውፍረት አለው። ብርሃን ያርፍበታል፣ ጥላ ይጥላል፣ አንዱ ዘለላ ከሌላው ሥር ይገባል። ጠፍጣፋ ላይ ቢሳል ከፊት ለፊት ያምር ይሆናል፤ ሲሟ አንገቷን ዞር ስታደርግ ግን ሐሰቱ ይጋለጣል። ስለዚህ ጉንጉኑ መቀረጽ አለበት። የምቀርጸው ብሌንደር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። አንድ የጉንጉን መጋጠሚያ ብቻ እሠራለሁ፤ ከዚያ ያ መጋጠሚያ በራስ ቅሉ ላይ ባሰመርኩት ጠመዝማዛ መስመር ላይ እየተደጋገመ እንዲሄድ አዝዘዋለሁ።

እዚህ ላይ ነው ኮምፒውተሩ የማያውቀው ነገር የሚመጣው። በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሹሩባ የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ፤ ሥራውን ስጀምር ወንበራቸው አጠገብ ተቀምጬ እጃቸውን እንዳይ ፈቀዱልኝ። ጨዋታው ውስጥ አስቀድሞ የነበረ የተጎነጎነ ፀጉር በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አተኩረው አዩት።

«ይኼ ገመድ ነው እንጂ ሹሩባ አይደለም» አሉኝ።

«እትዬ፣ ምኑ ላይ?»

«ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ እኩል ነዋ፣ ልጄ። ሹሩባ እንዲህ አይነሣም። ከግንባር ስትጀምሪ የምትይዢው ጥቂት ነው፤ እየሄድሽ ከሥር እየጨመርሽ ትወስጂዋለሽ። መሐል አናት ላይ ሲደርስ ይሞላል።»

ስለዚህ ሙያ ከተማርኩት ሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ትምህርት በየትኛውም የብሌንደር መማሪያ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ጉንጉኖች ሁሉ ከግንባር ቀጥነው ይነሣሉ፤ መስመሩ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር መጋጠሚያው ይወፍራል። በመስመሮቹ መካከል የሚታየው የራስ ቆዳ ደግሞ ለብቻው የሚሳል ነገር ነው። ቆዳው በጣም ከነጣ ፀጉሩ ከላይ የተቀመጠ ቆብ ይመስላል፤ በጣም ከጠቆረ መስመሩ ይጠፋል። ከፀጉሩ መውጫ አጠገብ ትንሽ ጥቁረት እጨምርና ወደ መስመሩ መሐል እያሳሳሁ እሄዳለሁ። ግንባር ላይ ያሉትን ያልተያዙ ለስላሳ ፀጉሮች መተው አልወድም፤ ለፊት ሕይወት የሚሰጡት እነሱ ናቸው።

ከሹሩባ ሥራ ሁሉ የሚያስቸግረኝ የተለቀቀው ክፍል ነው። ጉንጉኑ ማጅራት ላይ ሲያልቅ ፀጉሩ ተፈትቶ ትከሻ ላይ ይነፋል፤ የሹሩባ ውበት ግማሹ እዚያ ነው። ጥብቁና ልቅቁ አንድ ራስ ላይ መገናኘት አለባቸው። በዚህ ጨዋታ ፀጉር ነፋስ አያወዛውዘውም፤ የሚንቀሳቀሰው ከራስ፣ ከአንገትና ከትከሻ አጥንቶች ጋር ታስሮ ነው። እያንዳንዱ የቅርጹ ነጥብ የትኛውን አጥንት በምን ያህል እንደሚከተል በቀለም ይወሰናል። የተነፋው ፀጉር ራስን ብቻ ከተከተለ፣ ሲሟ ስታጎነብስ ደረቷ ውስጥ ይገባል፤ ትከሻን በብዛት ከተከተለ ስትዞር ይለጠጣል። ሁለቱን የማስታርቅበት ቦታ ከጆሮ በታች፣ ከትከሻ በላይ ያለች ጠባብ ቀለበት ናት፤ ቀኖቼ የሚያልቁት እዚያች ቀለበት ላይ ነው።

ክብደቱም አለ። ከጨዋታው ጋር የሚመጣ ፀጉር ባብዛኛው በጥቂት ሺህ ሦስት ማዕዘኖች ያበቃል። እውነተኛ መጋጠሚያ ያለው ሹሩባ ግን ሳይታሰብ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ደግሞ ስምንት ሲሞችን አንድ ሳሎን ውስጥ ሲሰበስብ ጨዋታው ይንቀራፈፍበታል። ይህን ቀላል አድርገው የሚያልፉ ሠሪዎች አሉ። እኔ አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ በቆየ ኮምፒውተር የምትጫወት ልጅ ልትጠቀምበት የማትችለው ሹሩባ ለማን ተሠራ? ስለዚህ ማንም የማያየውን የጉንጉኑን የውስጥ ገጽ ቆርጬ እጥላለሁ፤ ለርቀትም ቀለል ያሉ ቅጂዎችን እሠራለሁ። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ፀጉር አራት የርቀት ደረጃ ይጠይቃል፤ ካሜራው ሲርቅ ጉንጉኑ ለስላሳ ጎድጓዳ መስመር ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ዓይንም ልዩነቱን አይለየውም።

ነጠላ ሌላ ዓይነት ጥያቄ አመጣብኝ። ጨርቁ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው መታየት አለበት፤ ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ስስ ነገር በሌላ ስስ ነገር ላይ ሲደራረብ የቱን አስቀድሞ እንደሚስል ይምታታበታል፤ ፀጉሩ ወይም ጨርቁ በድንገት ይጠፋል። ይህ መላ አለው። መላ የሌለው አለባበሱ ነው። ነጠላ ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ አጣጣሉ ይናገራል። ጥለቱ ከታች ሲሆን የአዘቦት ወይም የደስታ ነው፤ ወደ ላይ ወደ ፊት ሲመጣ ለቅሶ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይደረጋል። በጨዋታው ውስጥ ግን ጨርቅ አንዴ ከተቀረጸ አይገለበጥም። አንዱን ብቻ ሠርቼ ብለቅ፣ ሐበሻ ሴት ሁልጊዜ ሠርግ ላይ ናት ብዬ የፈረድኩ ይሆንብኛል። ሲምስ ውስጥ ደግሞ ሞት አለ፤ ሲሞች ያለቅሳሉ፣ የመቃብር ድንጋይ አላቸው። ሦስቱንም ለየብቻ ሠራኋቸው። ሥራው በሦስት እጥፍ አደገ፣ ግን ለቅሶ የሌለው ነጠላ ግማሽ ነጠላ ነው።

ከዚሁ ጋር ሁሉንም ነገር ነጣጥዬ መልቀቅን ተማርኩ። ቀሚሱን ከማተብ ጋር፣ ሹሩባውን ከንቅሳት ጋር አንድ ላይ ሰፍቶ ማውጣት ይቀላል፤ ለማስታወቂያ ሥዕልም ያምራል። ነገር ግን ቀሚሱን የምትለብስ ሙስሊም አለች፣ ጴንጤም አለች፣ ማተቧን የምታከብርና ቀሚስ የማትወድ ወጣትም አለች። ንቅሳቱ ለአያቶች ብቻ እንዲሆን የጠየቁኝ ነበሩ፤ ለወጣቶችም ክፍት አድርጌዋለሁ። ብዙ እናቶች በወጣትነታቸው የተነቀሱትን ሲሸፍኑ አይቻለሁ፤ የልጅ ልጃቸው በጨዋታ ውስጥ በአንዲት ወጣት ሲም አንገት ላይ ብታደርገው ምን ማለቷ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። የእኔ ድርሻ ነጠብጣቦቹ በትክክል እንዲደረደሩና ቀለሙ ዕድሜ የጠገበ አረንጓዴ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ዕቃው ከእጄ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ሳይ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ሹሩባዬን ለቫምፓየር አድርገውታል፤ ሐምራዊ ቀለም ቀብተው ለባሕር ሴት ሰጥተውታል፤ አንዷ ተጫዋች ደግሞ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ፈጥራ እስከ አራት ትውልድ ድረስ ሴቶቹን ሁሉ በሹሩባ አሳድጋ ታሪካቸውን በሥዕል ስትዘግብ ከርማለች። ይህ ባህል ማርከስ ነው ብለው የጻፉልኝ ወገኖች አሉ። ስጋታቸውን እረዳለሁ፤ ብዙ ነገራችን ያለ እኛ ፈቃድ ተወስዶ ያውቃል። የካህናትን ልብሰ ተክህኖ ሥሪ ስባልም እምቢ ያልኩት የእነሱን ስሜት ስለምጋራ ነው፤ ያ ለሥርዓት የተለየ ልብስ ነው፣ ማንም እንደፈለገ የሚያወልቀውና የሚለብሰው ሊሆን አይገባም። ፀጉር ግን ይለያል። ሹሩባ ሕያው ሆኖ የኖረው ሰዎች ስለለዋወጡት ነው፤ በየዘመኑ አሠራሩ ሲቀያየር ኖሯል። ቫምፓየሯ ላይ ያለው ሹሩባ ከግንባር ቀጥኖ እስከተነሣ ድረስ ሹሩባ ነው። ለአንድ ነገር ዋና ክብር የምለው ሰው ሊጫወትበት እስኪችል ድረስ የተለመደ መሆኑን ነው።

በገንዘብ በኩል የአሳታሚው ደንብ ግልጽ ነው። ሠሪ ሥራውን ለደጋፊዎቹ ለተወሰነ ጊዜ ቀድሞ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም በነፃ መለቀቅ አለበት። እኔ ፀጉሮቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በነፃ እለቃለሁ፤ ያልተጠናቀቁ የብሌንደር ፋይሎችንም ከማስተማሪያ ጋር አያይዛለሁ። ከዚያ ፋይል ተነሥተው የራሳቸውን የጎንደርና የወሎ አሠራር የሞከሩ ልጆች አሉ። ከእኔ የተሻለ እጅ ያለው በመካከላቸው አይቻለሁ፤ የምመኘውም ይህንኑ ነበር።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የልጆች ፀጉር ነው። ጨዋታው ታዳጊ ሕፃናትን እ.ኤ.አ. በ2017፣ ገና የሚድኹትን በ2023 ጨምሯል፤ ሁለቱም ከትልቅ ሰው የተለየ አጥንትና የራስ ቅርጽ ስላላቸው የአዋቂን ፀጉር አሳንሶ መግጠም አይሠራም። የመጀመሪያው ቁንጮ ነው። ቅርጹ ቀላል ነው፣ አናት ላይ የቀረች ትንሽ ጉብታ፤ ችግሩ የተላጨው ቀሪው ራስ ነው። ራሰ በራ እንዳይመስል፣ ምላጭ ትናንት የነካው ራስ መሆኑ መታወቅ አለበት። ቆዳው ላይ የማሳርፈውን ጥላ በሁሉም የቆዳ ቀለሞች ላይ እየሞከርኩ ነው፤ በጠይም ላይ ጥሩ ይታያል፣ በጣም በጠቆረው ላይ ግን ገና ይጠፋል። ወደ ሰማያዊ ትንሽ ማዘንበል እንዳለበት እገምታለሁ። ቀጥሎ ጋሜው ነው፤ መሐሉ ተላጭቶ ዙሪያው የሚቀር ስለሆነ ይህ ጥላ ሳይስተካከል አይጀመርም።