ያረጀ ቤት ሲታደስ ምኑ ይቀራል?

«ቤቱ ታደሰ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የምንረዳው ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ጣሪያው በአዲስ ቆርቆሮ መለወጡን ነው። ዳሩ ግን ታሪክ ላለው ቤት መታደስና መለወጥ አንድ አይደሉም። ይህ ጽሑፍ ከጁባና ከሐረር ምሳሌ እየወሰደ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለመመርመር ይሞክራል።

በጁባ ከተማ መሐል፣ በአሮጌው ገበያና ሐይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር፣ የግሪክ ነጋዴዎች ያሠሯቸው ሕንፃዎች ነበሩ፤ ዛሬም የቀሩ አሉ። ጁባ እንደ ከተማ መቆም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲሆን፣ ለእንግሊዝ ጦር ስንቅ ያቀርቡ የነበሩት እነዚህ ነጋዴዎች በምሥረታው ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ቍጥራቸው ከሁለት ሺህ አልፎ አያውቅም ይባላል፤ ግንበኝነታቸው ግን ከተማዪቱ ላይ ምልክቱን ትቷል። ከሕንፃዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ ባንክ፣ አንዳንዶቹ ሆቴልና ምግብ ቤት ሆነዋል።

የነጋዴ ቤት ምግብ ቤት መሆኑን እንደ ጥፋት የሚቈጥሩ አሉ። በበኩሌ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የተሰበሰቡ የሕንፃ ጥገና ባለሙያዎች ያወጡት ቻርተር ራሱ አሮጌ ሕንፃ ለኅብረተሰቡ ጠቃሚ አገልግሎት ቢሰጥ ጥበቃውን ያግዛል ይላል። ማንም የማይገባበት ቤት በምስጥና በዝናብ ያልቃል። ወሳኙ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም አዲሱ አገልግሎት ከቤቱ ጋር ይስማማል ወይስ ቤቱን አፍርሶ ስሙን ብቻ ያስቀራል የሚለው ነው። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ሙቀት እንዲከላከል ተብሎ ተሠርቶ ሳለ፣ ለሰፊ የመስተዋት መስኮት ተብሎ ቢፈረስ፣ ቤቱ ለጁባ ፀሐይ የሰጠውን መልስ አጥፍተን ለማቀዝቀዣ መሣሪያ ገንዘብ እንከፍላለን ማለት ነው።

ወደ ሐረር እንሻገር። በግንብ የታጠረችው የሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ጎብኚው ከሚመራባቸው ቤቶች አንዱ «የራምቦ ቤት» የሚባለው ነው። የእንጨቱ ጌጥ፣ ባለቀለም መስተዋቱና ሥዕል ያለበት ኮርኒሱ መጠበቃቸው የሚያስመሰግን ነው። የሚነቀፈው ግን ስሙ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በሐረር በንግድ የኖረ ቢሆንም፣ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ማርሴይ ውስጥ ነው። ቤቱ የተሠራው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ በሕንዳዊ ነጋዴ ነው። እንጨቱ በጥንቃቄ ተጠግኖ ሳለ ታሪኩ ግን ባልኖረበት ሰው ስም ተሸፈነ። የነጋዴውና የአናጢዎቹ ድካምም ከጎብኚው ዐይን ተሰወረ። ስለሆነም እውነተኛ እድሳት ግድግዳን ብቻ ሳይሆን ወሬንም ማቃናት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ከውጪ ሲያዩት ግድግዳ ብቻ ነው፤ ውበቱ ከውስጥ ነው። በዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ፣ ነደባ የሚባሉ አምስት መቀመጫዎች አሉ። አንዱ የአባወራው፣ ሌላው የእንግዳ እያለ ለእያንዳንዱ ሰው እንደየማዕርጉ ቦታ ተመድቦለታል። በነጩ ግድግዳ ውስጥ ጎድጎድ ያሉ መደርደሪያዎች ይበጃሉ፤ በላዩም ስፌትና ሳሕን ይሰቀላል። ወለሉና ነደባው በቀይ አፈር ይቀባል። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ደም ያስታውሳል ይባላል።

እንግዲህ በዚህ ቤት ላይ የሚደርሰውን እንመልከት። ግድግዳው ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ሲሆን እርጥበትን እየሳበ መልሶ ያስተነፍሳል። ኖራ ሲቀባም መተንፈሱን አይከለክለውም። ሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ከውስጥ ይላላል፤ ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ልስኑ ድንጋዩን ይዞ ይረግፋል። ባለቤቱ «ያረጀ ቤት አይረባም» ይላል እንጂ ሲሚንቶውን አይጠረጥርም። እንዲሁም በቀዩ አፈር ፈንታ የሴራሚክ ንጣፍ ሲገባ ማጽዳት ይቀላል፤ ነገር ግን የጨለንቆን ነገር ለልጅ ለመተረክ ምክንያት የሚሆነው ቀለም ከእግሩ ሥር ይጠፋል። ነደባው ፈርሶ ሶፋ ሲደረደር ደግሞ የጠፋው የመቀመጫ ሥርዓቱ ስለሆነ፣ ስፌቱ በግድግዳው ላይ ቢቀር እንኳ ቤቱ የሱቅ ማሳያ ይመስላል።

እዚህ ላይ ባለቤቱ የሚያነሣው መከራከሪያ አለ፤ ደግሞም ተገቢ ነው። «ኖራና አፈር በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ግን አንድ ጊዜ ከመቱት ይበቃል። እናንተ እንድትጐበኙ እኔ ለምን ያለ መብራት፣ ያለ መጸዳጃ ቤት ልኑር?» ቢል ምን እንመልስለታለን? ቅርስ ለመጠበቅ ሲባል ማንም በችግር እንዲኖር ማዘዝ አንችልም። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። የመብራት ሽቦ፣ የውሃ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ነደባውንና ግድግዳውን ሳይነኩ በጓሮ በኩል ሊገቡ ይችላሉ። ከላይ የጠቀስነው ቻርተርም የጐደለውን የሚተካው አዲስ ክፍል ከነባሩ ጋር እየተስማማ፣ አዲስነቱ ግን ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። የኖራው ወጪ ከበዛ ደግሞ የሚጐበኘውና የሚጠቀመው ኅብረተሰብ ድርሻውን ይክፈል። ቅርሱ የሁላችን ነው እያልን ዕዳውን ለአንድ አባወራ መተው ፍርደ ገምድልነት ነው።

እኛ መምህራንስ? በታሪክ ትምህርት የአክሱምን ሐውልትና የጎንደርን ግንብ እናስተምራለን፤ የነጋዴውን፣ የገበሬውንና የሸማኔውን ቤት ግን እናልፈዋለን። ተማሪው በክፍል ውስጥ ቤት እንደ ታሪክ ሲቈጠር ካላየ፣ አድጎ የአያቱን ቤት ሲወርስ የሚታየው ቦታው ብቻ ነው። መድኀኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪዎች በየሰፈራቸው አንድ አሮጌ ቤት ይምረጡ፤ በባለቤቱ ፈቃድ በሜትር ይለኩት፤ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ምኑ መቼ እንደተለወጠ ጠይቀው ይጻፉ፤ ሥዕሉንም ያንሡ። ለጁባ ተማሪ የግሪኩ የድንጋይ ቤት፣ ለሐረር ተማሪ ጌይ ጋር፣ ለወሎ ተማሪ የአያቱ ሳር ቤት ይሆናል። ግንበኛው ሲሚንቶውን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ይህ ቢጻፍ፣ ቢያንስ የሚፈርሰው ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለማፍረስ አይቸኵልም።