ቅል ባገሩ

መተከል ውስጥ ግልገል በለስ ገበያ የሚወጡ የጉሙዝ ሴቶች ዕቃቸውን በጀርባ አያዝሉም። ትከሻቸው ላይ ረዘም ያለ እንጨት ያጋድማሉ፤ ሸክሙ ከፊትና ከኋላ ይንጠለጠላል። በአንዱ ጫፍ ቅል፣ በሌላው ቅርጫት። ክብደቱ ካልተመጣጠነ ትከሻቸውን ወደ ከባዱ ጫፍ ያስጠጋሉ። ሚዛኑ የሚገኘው እዚያ ነው።

የካቲት 23 ሲቃረብ በየመዋዕለ ሕፃናቱ የአድዋ ጋሻ ከካርቶን ይቆረጣል። ደግ ነው። መተከል ላይ ግን ከካርቶኑ ጎን ቅል ቢቀመጥ እመርጣለሁ።

ቅል የሚቆረጠው ሐረጉ ላይ ደርቆ፣ ሲነቀንቁት ፍሬው ሲንኳኳ ነው። ከቸኮሉበት ይጨማደዳል። አንገቱ ይከፈታል፤ ውኃ ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ውስጡ ሲበሰብስ በእንጨት ይፋቃል። ጠጠር ተጨምሮ ይናጣል፤ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ በጭስ ይታጠናል። የሚተርፈው ቀጭን፣ ግን ጠንካራ ግድግዳ ነው።

አሶሳ አካባቢ በርታዎች ከዚሁ ቅል ዋዛ ይሠራሉ። ዋዛ ረጅም ጥሩምባ ነው። ቅሎቹ ከላይም ከታችም ይቆረጡና የአንዱ ጠባብ ጫፍ በሌላው ሰፊ አፍ ይሰካል። ከከንፈር ጀምሮ እየሰፋ ይወርዳል። መገጣጠሚያው ከላላ ትንፋሽ ያመልጣል፣ ድምፁም ይሰልላል። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ አጭሩ ቀጭን። የእያንዳንዱ ዋዛ ድርሻ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ሙሉው ዜማ በማንም እጅ የለም፤ አሥር ያህል ነፊዎች በየተራቸው እየገቡ ይሰፉታል። ከመንፋቱ ይልቅ የሚከብደው ዝም የሚባልበትን ልክ ማወቅ ነው።

በመዋዕለ ሕፃናቱ ግን ለአምስት ዓመት ልጆች ሦስት ቅል ይበቃል፦ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። እንደ ዋዛ ነፊ ከንፈር ማንቀጥቀጡ ይከብዳቸዋል፤ በተከፈተው አንገት ጠርዝ ላይ እፍ ካሉ ቅሉ ይጮኻል። አንዱ የነፋውን ሌላው አይንፋ፤ ጉንፋን ክፍሉን ለማዳረስ ሳምንት አይፈጅበትም። ቅሉን በጋለ ብረት ማስጌጥ የአዋቂ ሥራ ነው፤ ለእነሱ ከሰልና ቀይ አፈር ይቅረብላቸው። ተረት ደግሞ የአንዱ ልጅ አያት ተጋብዘው በጉሙዝኛ ያውሩላቸው። የጉሙዝና የበርታ ሰው ሲፈነገልና ሲሸጥ የኖረበት ዘመንም፣ ባርነትን የሻረው የ1934 ዓ.ም. አዋጅም ይቆያቸው። ማንበብ ሲችሉ ይደርሱበታል።

አሁን ሦስቱ ልጆች ተራ ይይዛሉ። ትልቁ ቅል ይጀምራል፤ መካከለኛው ይከተላል፤ የትንሹ ባለቤት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይነፋል። እንደገና ይጀመራል። አንዱ ከትምህርት ቤት የቀረ ዕለት ዜማው መሃል ላይ ይጎድላል፤ መምህሯም ስም ሳትጠራ የቀረውን ታውቃለች።